ሳይረካከቡ መፈራረቅ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሑመራ የሚወርደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ የደጋው ነፋስ ከኋላው ቀርቶ የቆላው ወላፈን ፊቱን መግረፍ በጀመረ ጊዜ ሳንጃ ይደርሳል። የታች አርማጭሆ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ዘመኗን የምትቆጥረው በሹማምንት ስም ሳይሆን በሰሊጥ ነው፤ በሰኔ ማለቂያና በሐምሌ ይዘራል፣ በነሐሴ ይታረማል፣ በመስከረምና በጥቅምት ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ከየደጋው ወርደው ያጭዱታል፣ ታስሮና ቆሞ ሲደርቅም ይራገፋል። እኔም በዚሁ መቁጠሪያ የባሕር ዳርን ሹም ሽር ብመረምረው፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ከተፈጸሙት አምስት የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር ሢመቶች አራቱ የዋሉት ቆላው ቀና ብሎ ለማየት እንኳ ፋታ በማያገኝበት፣ በዘርና በመራገፍ መካከል ባለው ወራት ሆነው አገኘኋቸው፤ አቶ ተመስገን ጥሩነህ ሐምሌ 15 ቀን 2011፣ አቶ አገኘሁ ተሻገር ጥቅምት 29 ቀን 2013፣ ዶክተር ይልቃል ከፋለ መስከረም 20 ቀን 2014፣ አቶ አረጋ ከበደ ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም.። ገበሬው አረሙን ነቅሎ ቀና ሲል ሌላ ስም ይሰማል።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። አዲሱ ለገሠ፣ ዮሴፍ ረታ፣ አያሌው ጎበዜና ገዱ አንዳርጋቸው አራቱ ተከታትለው ክልሉን ያስተዳደሩበት ዘመን ሲደመር ከሩብ ምእት ዓመት ይበልጣል፤ ከየካቲት 29 ቀን 2011 እስከ ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ባለው አራት ዓመት ተኩል በማይሞላ ጊዜ ግን በዚያው መንበር ላይ አምስት ሰዎች ተሠይመዋል። ከአምስቱ የመጀመሪያው ዶክተር አምባቸው መኮንን መቶ ስድስት ቀን ብቻ ቆይተው ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ከባልንጀሮቻቸው ጋር በጥይት ስለ ተገደሉ፣ የእርሳቸውን ኅልፈት ከሹም ሽር ጋር ደባልቆ መቁጠር ነውር ነው። ከእርሳቸው በፊትና በኋላ የነበሩት የሦስቱ አወጣጥ ግን አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ አቶ ገዱ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ አቶ ተመስገን ወደ ብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት፣ አቶ አገኘሁ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ሲሄዱ የተመለከተ ሰው፣ የክልሉ መንበር ወደ አዲስ አበባው መቅደስ የሚታለፍበት ደጀ ሰላም እንጂ ራሱን የቻለ ማደሪያ አይደለም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ሹም ሽር በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ነገሥታቱ ገዢው በአገሩ ሥር እንዳይሰድ፣ ከባላገሩም ጋር በጋብቻና በአበ ልጅነት ተሳስሮ እንዳያፈነግጥ በማሰብ ከግዛት ወደ ግዛት ያዛውሩት ነበር፤ በበጌምድር ከአሥር ዓመት በላይ የቆዩት ራስ ጉግሣ ወሌም በመጨረሻ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተጋጭተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ መውደቃቸው፣ ይህን የቤተ መንግሥት ሥጋት የሚያጸድቅ ሆኖ ተቆጠረና ግዛቱ ለራስ ካሣ ተሰጠ። ዘዴው ለዘውዱ ይጥቀመው እንጂ ባላገሩን ግን አስከፍሎታል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አነጋገር የተወለደው ነገ መነሣቱን የሚያውቅ ሹም ዛሬ እጁን ስለሚያፈጥን አይደለምን? ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን ሰው ማን እንደ ሾመና ማን እንደ ሻረ ያውቅ ነበር። ዛሬ ግን ሕጉ ርእሰ መስተዳድሩን ምክር ቤቱ ይመርጠዋል ይላል፣ የምክር ቤቱም ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ እጅ የሚያወጣው ምክር ቤቱ፣ ውሳኔው የሚበስለው ግን በፓርቲው ጓዳ መሆኑን ከልጅ እስከ ሽማግሌ የማያውቅ የለም።

የዚህ ነገር ክፋት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በወሰን ላይ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በተነሣ በሳምንቱ ውስጥ የክልሉ መሪ ተለወጠ፤ አዲሱ ተሿሚ ወንበሩ ሳይሞቅለት፣ የሱዳን ሠራዊት አልፋሽቃ በሚባለው ለም መሬት ገብቶ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ካረሱትና ከዘሩት መሬት ተፈናቀሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ስደተኛው በመተማ ዮሐንስ በኩል ይጎርፍ ጀመር፤ ይህን ሸክም የተቀበሉት ርእሰ መስተዳድር ከአራት ወር በኋላ በቦታቸው አልነበሩም። ጥፋቱ የእነዚህ ሰዎች ነው አልልም፤ ማንም ሰው በዚያ ዓይነት ማዕበል መካከል በዚያ አጭር ጊዜ የወሰንን ጉዳይ ከእልባት አያደርስም። ነገር ግን ከላይ ያለው ሲለወጥ ዞኑ ይለወጣል፣ ዞኑ ሲለወጥ ወረዳው ይናወጣል፤ የቆላው ሽማግሌም ለቀደመው የተናገረውን አቤቱታ ለአዲሱ «የትውውቅ ስብሰባ» በሚሉት ላይ ከሀ ጀምሮ ይደግመዋል። ጉዳዩ የመንገድ፣ የጸጥታና የመሬት ስለሆነ ቃሉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ማስታወሻ የሚይዘው እጅ ብቻ ነው።

በየደብራችን ገበዝ ሲለወጥ የሚደረገውን ያየ ሰው ነገሬን ይረዳልኛል። ወጪው ገበዝ ካህናቱና የሰበካው ሽማግሎች በተሰበሰቡበት ዕቃ ቤቱን ከፍቶ፣ መስቀሉን፣ ጽናውን፣ መጎናጸፊያውን፣ የብራና መጽሐፉን አንድ በአንድ እየቆጠረ ያስረክባል፤ አንድ ጽና የጎደለ እንደ ሆነ የት እንደ ገባ ሳይታወቅ አይሰናበትም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚያስተዳድር ሰው ግን መንበሩን ለተከታዩ ሲለቅ፣ ለሕዝቡ የገባው ቃል ምን እንደ ነበረ፣ የትኛው ተፈጽሞ የትኛው እንደ ቀረ ሕዝብ እየሰማ የሚቆጠርበት ሥርዓት አላየንም።

ረጅም ዘመን መቆየት በራሱ በጎነት ነው የሚል አሳብ እንደሌለኝ ይታወቅልኝ፤ ሳይነሡ የሰነበቱ ሹማምንት በቆላውም በደጋውም ምን እንዳደረሱ የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። መሻርም አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የምሻው ሽረቱ ምክንያቱ ተነግሮ፣ ርክክቡ በመዝገብ ተጽፎ እንዲፈጸም ነው። ምክር ቤቱ በሚመጣው ሢመት ቀን ተተኪውን ወደ መሐላ ከማቅረቡ በፊት፣ ወጪውን መድረክ ላይ አቁሞ ስለ ሳንጃ መንገድ፣ ስለ መተማ ጸጥታ፣ ከወሰን ስለ ተፈናቀለው ገበሬ ምን እንደ ጀመረና የት እንዳቆመው ከመዝገቡ ያስነብበው፤ ንባቡ ከመሐላው ይልቅ ቢረዝምም ቆላው ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ሰሊጡ እስኪደርቅ ድረስ ጊዜ አለውና።