መብራት ሲጠፋ ጎረቤት ይታያል

እኔ በሐረር ጀጎል ውስጥ የምኖር የ31 ዓመት ባለትዳር ነኝ። ቤታችን የድሮ ቤት ስለሆነ ከጎረቤታችን ጋር ግድግዳችን አንድ ነው። ግድግዳው አንድ ይሁን እንጂ በጣራ ውሃ ምክንያት ከተጣላን ስድስት ወር አልፎናል። በዕድሜ ታላቄ ናቸው፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን አንገቴን አዙሬ ነው የማልፈው።

ባለቤቴ ለሥራ ጅጅጋ ሄዶ እኔና አማቴ ብቻችንን ነበርን። አማቴ የስኳር በሽታ ስላለባቸው ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሐሙስ ማታ መብራት ጠፋ። ዓርብም አልመጣ። ቅዳሜ ፍሪጁን ብከፍተው ሞቋል። መድኃኒቱ ተበላሽቷል ብዬ የተከፈተውንም አዲሱንም ብልቃጥ አውጥቼ ጣልኩት። ሌላ ልገዛ ፋርማሲ ስሄድ «ኔትወርክ የለም፣ በጥሬ ብር ብቻ ነው» አሉኝ። ገንዘቤ ሁሉ ስልኬ ውስጥ፣ ስልኬ ደግሞ ባትሪው ሞቷል። ቦርሳዬ ውስጥ ሃያ ብር ብቻ! የባለቤቴን ቁጥር እንኳ በቃሌ አላውቀውም።

ማታ አማቴ ውሃ ውሃ እያሉ ሲያቃስቱ በሩ ተንኳኳ። እኒያ ጎረቤቴ ሻማ ይዘው ቆመዋል። «ምን ሆናችሁ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ብር ፈትተው ልጃቸውን ፋርማሲ ላኩት። መድኃኒቱ ሲመጣ ምንም ሳይሉ ወጡ፤ እኔም ማመስገን አቃተኝ። ብሩን በልጃቸው እጅ መለስኩ እንጂ እስካሁን ፊታቸውን ማየት አፍራለሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ደህናውን መድኃኒት ጣልሽው» እያለ ይቆጣኛል፤ ጄኔሬተር ካልገዛን ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ ደብዳቤሽ ደርሶናል። በመጀመሪያ አማትሽ እንኳን ተረፉ።

ስለ መድኃኒቱ ባለቤትሽ ሳይሳሳት አይቀርም አንልም፤ በዚህ ግን ትክክል ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ሆኖም ሙቀቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ካላለፈ አብዛኛው ዓይነት ከፍሪጅ ውጪ እስከ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል። የእናንተን ትክክለኛ ልክ በብልቃጡ ወረቀት ላይ አንብቢ፤ ካልገባሽ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። የሐረር አየር ደጋማ ስለሆነ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ማደሩ ብቻውን አያስጥለውም ነበር። የሚጣለው ጥርት ያለው ዓይነት ሲደፈርስ፣ ወይም ደመናማው ተበጥብጦም ሲጓጉል ነው። ከበረዶ ጋር አታነካኪው፤ አንዴ ከረጋ አይሠራም።

መብራት ሲጠፋ እናቶቻችን ውሃ የሚያቀዘቅዙበትን ዘዴ አስቢ። ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጪ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሙይና አሸዋውን አርጥቢው። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለሽ ትንሹ ውስጥ አኑሪ፤ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ ይቀመጥ። ውሃው ሲተን ማሰሮውን ያቀዘቅዘዋል። ከሁሉ በላይ መርፌው አይዘለል። የስኳር ሕመምተኛ ውሃ ጥም ከበዛበት፣ ካስመለሰው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ጄኔሬተሩን በተመለከተ፣ በጀጎል ጠባብ ግቢ ውስጥ ጭሱ የት ይሄዳል? ቤት ውስጥ የተነሳ ጄኔሬተርም ሆነ ደጃፍ ተዘግቶ የሚነድ ከሰል ሽታ በሌለው ጋዝ ተኝቶ ያለውን ሰው ይገድላል። ይልቅስ ትንሽ የፀሐይ መብራትና ስልክ መሙያ ይሻላችኋል።

የሐረር ሰው መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ እንደሚጠፋ ያውቃል። ለዓመታት ከተማዋን ሲያጠጣ የኖረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ገደማ ከደረቀ ወዲህ፣ ውሃ ከቆላው ከድሬዳዋ በኩል በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ። ፓምፕ ያለ መብራት አይገፋም። የስልክ ማማውም ባትሪው ሲያልቅ ዝም ይላል። እንግዲህ አንዱ ሲቆም ሁሉም ስለሚቆም፣ ዛሬውኑ ሦስት ነገር አድርጊ፦ ለአንድ ወር መድኃኒት የሚበቃ ጥሬ ብር ለብቻው አስቀምጪ፤ የባለቤትሽን፣ የሐኪሙንና የፋርማሲውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ፤ አንድ ጀሪካን ውሃ አይጉደል።

መኪና ግርግር ሄደሽ ልብስ ሰፊዎቹን ተመልከቺ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። በእግር የሚረገጠው መኪና መብራት ኖረ አልኖረ ይሰፋል። በየቤታችንም እንዲህ በእግሩ የሚሄድ አንድ ነገር ያስፈልገናል።

የአንቺ ቤት እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ እኒያ ጎረቤትሽ ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለዚህ ነው፤ ባልሽ ጅጅጋ ነበር፣ እሳቸው ከግድግዳው ማዶ። ያቃስቱትን ሰምተው የመጡት ቂሙ ጠፍቶላቸው ላይሆን ይችላል። ቂም እያለም መጡ፤ ይህ ደግሞ ይበልጣል። ብሩን በልጅ እጅ መመለስሽ ዕዳውን ከፍሏል፣ ምስጋናውን ግን አላደረሰም። በዚህ ሳምንት ቁጢ አፍልተሽ ራስሽ ሂጂ። ስለ ጣራው ውሃ በመጀመሪያው ቀን አታንሺ። «እትዬ፣ ያን ቀን አፌ ተሳስሮ ነው፤ ይቅር በሉኝ» በያቸው፤ ይበቃል። ውሃ መውረጃውን ከሳምንት በኋላ ባለቤትሽና የእሳቸው ልጅ አብረው ይሥሩት። ሰው ካስፈለገም የሰፈሩ አፎቻ ሽማግሌ አያጣም።

ለባለቤትሽም ይህን ንገሪው፦ መድኃኒቱን የጣልሽው ሌሊት ብቻሽን ፈርተሽ ነው። መቆጣቱን ትቶ ማሰሮና አሸዋ ይዞልሽ ይምጣ።