«ሳይቃጠል በቅጠል» ለትራንስፎርመርም ነው

ጎበዝ፣ ትራንስፎርመር በተቃጠለ ቁጥር «በድንገት በደረሰ አደጋ» ብለን ዜና መጻፍ የምናቆመው መቼ ነው? ጋዜጠኝነት ስንማር ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን የሚሉትን ጥያቄዎች ሸምድደናል። «ለምን» ላይ ስንደርስ ግን እስክሪብቶውን ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው እንሰጠዋለን።

ለንደንን እንይ። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2025 ሌሊት ኖርዝ ሃይድ በተባለው ማከፋፈያ ጣቢያ አንድ የ275 ኪሎ ቮልት ትራንስፎርመር ተቃጠለ። በማግስቱ ሂትሮው ኤርፖርት ተዘግቶ ዋለ፤ ከ270 ሺህ በላይ የመንገደኛ ጉዞዎች ተስተጓጎሉ። ምርመራውን መጀመሪያ የመራው የፀረ ሽብር ፖሊስ ነበር። በኋላ የተገኘው «ሽብርተኛ» ግን ማን ሆነ? እርጥበት! በጁላይ 2025 የወጣው የአገሪቱ የኢነርጂ ሥርዓት ኦፕሬተር ሪፖርት እንደሚለው፣ ቡሺንጉ (ከፍተኛውን ቮልቴጅ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚያስገባው ክፍል) ውስጥ እርጥበት ሳይገባ አልቀረም። የሚያሳዝነው ደግሞ በጁላይ 2018 የተወሰደ የዘይት ናሙና ከፍተኛ እርጥበት አሳይቶ ነበር። ምርመራው ተናግሯል፤ ሰሚ ግን አልነበረም። በ2022 ሊደረግ የነበረ ጥገናም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

«ይሄ የኢንጂነሮች ጉዳይ ነው፣ እናንተ ምን አገባችሁ?» የሚሉን አሉ። ነገሩ ግን እንደሚባለው የረቀቀ አይደለም። የብዙ ትልልቅ ትራንስፎርመሮች ኢንሱሌሽን ዘይትና በዘይት የራሰ ወረቀት ነው። «ታን ዴልታ» በሚባለው ምርመራ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ይለቀቅበትና በኢንሱሌሽኑ ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክነው ኃይል ይለካል። ደረቅና ጤነኛ ከሆነ ብክነቱ በጣም ትንሽ ነው፤ እርጥበት ሲገባው ይጨምራል። ዘይቱም ለብቻው ስንት ኪሎ ቮልት እንደሚችል ይፈተናል። ውስጡ አሴቲሊን ጋዝ ከተገኘ የሆነ ቦታ ብልጭታ እንዳለ ይጠረጠራል። ዋናው የዛሬው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ከአምናው ምን ያህል ተለወጠ የሚለው ነው። ይህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ምርመራ ገንዘብ ያስወጣል፣ አንዳንዱም መስመር ማጥፋት ይፈልጋል፤ ይገባናል። ለሰዓታት ለማጥፋት የሰሰተ ግን ለቀናት ይጠፋበታል። ደግሞም ለንደን የጎደላት መለኪያ አልነበረም። የጎደለው ቁጥሩን አይቶ «ይህ ይቀየር» የሚል፣ ካልተቀየረም የሚጠየቅ ሰው ነው።

ነገሩ የፈረንጅ ወሬ ብቻ አይደለም። የእኛም አገር መስመር 500 ኪሎ ቮልት ደርሷል፤ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ድረስ ተዘርግቷል። ስለዚህ ከእንግዲህ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው መቼ ነው? ውጤቱ ምን አለ? ውጤቱን አይቶ የፈረመው ማነው? መልስ ካልተሰጠን «መልስ አልተሰጠንም» ብለን እንጻፍ። ጅብ ከሄደ በኋላ መጮህ ሰልችቶናል።