ዕርቁ ይጽና፣ ምስክሩም አይቅር

በሰሜን ወሎ ዞን በሐብሩ ወረዳ ገጠር ሰው ሲገደል ጉዳዩ ሁለት ቦታ ይታያል። መዝገቡ ከወረዳው ከተማ ከመርሳ ተነሥቶ ወልድያ ወዳለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በቀዬው ደግሞ ቄሱም ሼሁም ያሉበት ሽማግሌ በሁለቱ ወገን መካከል ይገባል። የገዳይ ዘመዶች ከሟች ወገን ዐይን ዘወር እንዲሉ ይደረጋል፤ የሟች ወገን እንዲታገሥ ይለመናል። በመጨረሻ ካሳው ተቆርጦ፣ በመጽሐፍና በቁርዓን ተምሎ ደም ይደርቃል።

ይህን ሥራ ፍርድ ቤት ሊተካው አይችልም። ገዳዩ 15 ዓመት ቢፈረድበትም የወንድሙ ማሳ ከሟች ቤተሰብ ማሳ ጋር እንደተዋሰነ ይቀራል፤ ገበያቸውም ውኃቸውም አንድ ነው። ደም ካልደረቀ የታሰረው ሲፈታ የሚጠብቀው ጥይት ነው። የጸጥታው መደፍረስ የገጠር ችሎቶችን ባስተጓጎለባቸው ጊዜያትም ሰው አቤት የሚለው ለሽማግሌ ነው።

የምንቃወመው ከዕርቁ በኋላ የሚመጣውን ነው። «ታርቀናል» ይባልና ምስክር ይጠፋል፤ የቀረበውም «አላየሁም» ይላል። ዐቃቤ ሕግ ባዶ እጁን ይቆማል፤ ነፍስ ያጠፋው በነጻ ይሰናበታል። ዘመድና ገንዘብ ያለው ይህን መንገድ ካወቀ ካሳ የመግደያ ዋጋ ይሆናል። ምስክርን ዝም የሚያሰኝ መሐላ ሽምግልናውንም ያረክሰዋል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በባህልና በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። ነፍስ ግድያ ግን የመንግሥት ክስ ነው፤ በዕርቅ አይቋረጥም። ይሁንና ዕርቁ ችሎት ፊት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትንና ጉዳትን መካስን ቅጣት ማቅለያ ያደርጋል። መገናኛው እዚህ ነው፦ ሽማግሌዎች ዕርቁን በጽሑፍ ለፍርድ ቤት ያቅርቡ፤ ዳኛው በቅጣቱ ላይ ይመዝነው፤ ምስክሩ ያየውን ይናገር።

አስገድዶ መድፈርና ጠለፋ ላይ ግን አቋማችን አይለዝብም። አባትና አጎት በልጅቷ ስም የሚጨርሱት ዕርቅ የእሷ ፈቃድ የሌለበት ነው። ሴቶች በሽምግልናው ወንበር ላይ ሳይቀመጡ ስለ ሴቶች መወሰንም ይብቃ።

ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁማለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78(5) ይህን ሥልጣን ለክልል ምክር ቤቶች ሁሉ ሰጥቷል። የአማራ ክልል ምክር ቤትም በዚህ ሥልጣኑ ተጠቅሞ የሽምግልናን ወሰን በግልጽ ያስምር። የመርሳና የሐብሩ ሽማግሌዎች ግን አዋጅ መጠበቅ የለባቸውም፤ ከሚቀጥለው ዕርቅ ጀምረው ምስክርን ከመሐላው ነጻ ያድርጉ።