ዝም ትበል ስለሚሏት ሴት

ሴት በቤተ ክርስቲያን ዝም ትበል ለማለት የጳውሎስን ቃል የሚጠቅሱ ብዙዎች ናቸው። ያው ጳውሎስ ፌቤንን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ብሎ ለሮሜ ምእመናን አደራ ማለቱን ግን አያነሡትም።

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ አስቴር ጋኖን አስብ። በባርነት ወደ ዓረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 ኢጣልያኖች ነጻ አወጧት፤ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረች። የወገኖችዋን ተረትና ምሳሌ፥ ዘፈኑንም ሳይቀር፥ ሰብስባ ጻፈች፤ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላትም አዘጋጀች። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ሲተረጉም ይህ ሥራዋ ረዳው። መጽሐፉ በዚያው አቆጣጠር በ1899 ታተመ፤ የገነነው ግን የእርሱ ስም ነው። ምስጋናም ይገባዋል፥ አልነፍገውም።

ነገር ግን በወለጋ ያን የጳውሎስን ቃል በኦሮምኛ እያነበበ ሴትን ዝም በዪ ያለ ሁሉ፥ ያነበበውን ቃል ከሴት እጅ የተቀበለ ነው።