ስለሚነክሰው ልጅ





የአዳማ ነዋሪ ስሆን፣ የሰፈራችን እናቶች ተሰባስበን ባቋቋምነው የሕፃናት መዋያ በሳምንት ሁለት ቀን ተራ ገብቼ ልጆች እጠብቃለሁ። ከነዚህ አንዱ፣ የአራት ዓመት ልጅ፣ ጓደኞቹን እየነከሰ አስቸገረን። ቆነጠጥነው፤ አንበረከክነው፤ (እኔም ቆንጥጬዋለሁ፣ አልደብቅም)። እርሱ ግን ባሰበት። አሁን አንዳንድ እናቶች ይባረርልን ብለው ፈርመዋል።

እኔ ሰዓቱን እየያዝሁ ተከታተልሁት። ጧት ሰላም ነው። የሚነክሰው ከአምስት ሰዓት በኋላ፣ የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለውና ሃያ ልጆች ለአንዲት ኳስ ሲሻሙ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ሁሉንም ወደ ዛፉ ጥላ አውጥቼ ውሃ አጠጣቸው ጀመር፤ ኩባያ አዳዩ እርሱ ሆነ። ኳሷን ደብቀን አኩኩሉ እናጫውታለን። በየቀኑ ይነክስ የነበረው ልጅ በሦስት ሳምንት የነከሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜም እጁን ይዤ ዞር አደረግሁት እንጂ አልቆነጠጥሁትም።

ቁንጥጫ ይሻላል ለሚሉኝ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይናገራል። የእኛስ መዋያ ከዚህ ውጭ ነውን?

እናቱ እንጀራ ሸጣ አዳሪ ናት፤ ልጁ ቢባረር የሚውለው ባጃጅ በሚርመሰመስበት መንገድ ዳር ነው። እሑድ ስብሰባ አለን። የፈረሙት እናቶች ከዚያ በፊት አንድ ቀን በአምስት ሰዓት መጥተው እንዲያዩት እለምናለሁ።

አንዲት እናት
ከአዳማ