ርዕሰ መምህሩስ የትኛውን ክፍል ያስተምራል?



በአማርኛችን የትምህርት ቤት ኃላፊ «ርዕሰ መምህር» ይባላል፤ የመምህራን ራስ ማለት ነው። በጎንደር ገጠር መምህራን ጥቂት ስለነበሩ ርዕሰ መምህሩ ራሱ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት ይቆም ነበር። በእስራኤልም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ምክትሉ (ስጋን) እና የክፍል ደረጃው አስተባባሪ (ራካዝ ሽኽቫ) ከአስተዳደር ሥራቸው ጋር በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ያስተምራሉ፤ ብዙ መናሄሎችም እንዲሁ። እኛ ወላጆች ግን በቢሮ እንጂ በክፍል ስለማናገኛቸው ምን እንደሚያስተምሩ ጠይቀን አናውቅም።

አስተዳዳሪ ማስተማሩን እንደግፋለን። ልጁን በወረቀት ላይ ባለው ነጥብ ብቻ የሚያውቀውና በክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲጠይቅ የሰማው ሰው እኩል አይፈርዱም። ሆኖም ሁለት ችግሮች አሉ።

አንደኛው የጊዜ ነው። ስብሰባ ሲጠራ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ፣ በግቢው ጠብ ሲነሳ፣ አስተዳዳሪው ክፍሉን ጥሎ ይሄዳል። ልጆቹም ምትክ መምህር ይጠብቃቸዋል ወይም ሜዳ ይወጣሉ። የቀረው ሰዓት ይካካስ እንደሆነ ማንም ለወላጅ አይነግርም።

ሁለተኛው ይብሳል። መምህራንን በማሠልጠን ሥራችን ደጋግመን ያየነው፣ ልምድ ያላቸው ኃላፊዎች ለ5 ይሂዶት ባግሩት የሚዘጋጀውን ክፍል ሲይዙ፣ ዝቅተኛው ሃቅባጻ ለጀማሪ መምህር ሲሰጥ ነው። ጀማሪው በዓመቱ አጋማሽ ቢለቅ ሌላ ጀማሪ ይተካል። በዚያ ክፍል ውስጥ የእኛ ልጆች ጥቂት አይደሉም።

ሃቅባጻ ጊዜያዊ ነው ይሉናል፤ በሩ ክፍት ነው ይሉናል። ነገር ግን ልጁ በ7ኛ ክፍል በሒሳብ ወይም በእንግሊዝኛ ዝቅ ካለ፣ በየወሩ የሚማረው ከጓደኞቹ እያነሰ ስለሚሄድ ክፍተቱ ይሰፋል። በመጨረሻ 3 ይሂዶት እንግሊዝኛ ይዞ ይጨርሳል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ደግሞ በተለምዶ ቢያንስ 4 ይሂዶት እንግሊዝኛ ይፈልጋል። በ12 ዓመቱ የተወሰነበትን ነገር ከሠራዊት ሲመለስ ያገኘዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ነው፤ የሚያስተምር አስተዳዳሪ ሁሉ ከሰዓቶቹ ከፊሉን ለዝቅተኛው ሃቅባጻ ይስጥ! ያን ጊዜ ከፍ ሊል የሚገባውን ልጅ በዓይኑ ያያል፤ የማዛወር ሥልጣኑም በእጁ ነው። መጽሐፍ ቢጎድል፣ መምህር ቢቀር፣ የሚጎዳው የራሱ ክፍል ስለሆነ ችላ አይልም።

«ጥቂት ሰዓት ያለው ሰው በደካማ ክፍል ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። ሰዓቱ ለጠንካራው ክፍል ከበቃ ለደካማው ለምን ያንሳል? ሰዓቱን ደጋግሞ የሚሰርዝ ከሆነ ግን የትኛውንም ክፍል ባይይዝ ይሻላል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ የልጁ መምህርና አለቃው አንድ ሰው ሲሆን ወላጅ አቤት የሚልበት ያጣል። እንዲህ ሲሆን ወደ ዮዔጼት ወይም ወደ ተቆጣጣሪው መሄድ መብታችን ነው።

በሙሴ ዘመቻ በ1984–85፣ በሰሎሞን ዘመቻ በ1991 ስንመጣ፣ ወላጆቻችን የት እንደምንማር አልተማከሩም። ብዙዎቻችን ወደ መንግሥት ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶችና ወደ ፕኒሚያ ተላክን። አባቶቻችንና እናቶቻችን ቋንቋውን ስለማያውቁ የተሰጣቸውን ወረቀት ፈረሙ። ያን ጊዜ ልጆች የነበርነው ዛሬ ወላጆች ነን። ዝምታውን መውረስ የለብንም።

በመጪው የወላጆች ስብሰባ (አሴፋት ሆሪም) ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ልጄ በየትኛው ሃቅባጻ ነው፣ መቼስ እንደገና ይታያል? የሚያስተምረው ማን ነው፣ ስንት ዓመት አስተምሯል? ከኃላፊዎቹ በዚያ ክፍል የሚያስተምር አለ? ቋንቋ ለሚያስቸግራቸው አዛውንቶቻችን አስተርጓሚ ይጠየቅ፤ ልጁ ስለራሱ ውጤት አያስተርጉም። «ደህና ነው» ብሎ ወደ ቤት የሚመልሰን እርሱ ነውና።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። የልጆቻችን ባግሩት ግን ካለመጠየቅ አይቅር!