የስልካችን እንግሊዝኛ እና የፈተናው እንግሊዝኛ

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡ ተማሪዎችን ወሬ የሰማ ሰው ሦስት ቋንቋ ይሰማል፦ አማርኛ፣ የአራዳ አማርኛና የቲክቶክ እንግሊዝኛ። አንዱ «ያ ልጅ እኮ ሪዝ አለው» ሲል ሌላዋ «ብሮ፣ በቃ ሙድ አትያዝ» ትለዋለች። ፊት የተቀመጡ አባት ደግሞ «ምን ዓይነት ቋንቋ ነው ይሄ?» ብለው ያጉረመርማሉ።

መልሱ አጭር ነው፤ ቋንቋው የዘመኑ ነው። ኦክስፎርድ «ሪዝ»ን የ2023 (እ.ኤ.አ.) የዓመቱ ቃል አድርጎ መርጦታል። ሰውን የመሳብ፣ የመጀንጀን ችሎታ ማለት ሲሆን «ካሪዝማ» ከሚለው ቃል መሃል ተቆርጦ የወጣ ነው ተብሎ ይታመናል። በ2024 ደግሞ «ብሬይን ሮት» ተመረጠ፤ እርባና ቢስ ቪዲዮ ሲያዩ የመዋል የአእምሮ ዝገት እንበለው። አዲስ ይመስላል እንጂ አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በ1854 በታተመ መጽሐፉ ተጠቅሞበታል።

«ኦኬ»ንም ውሰዱ። በ1839 የቦስተን ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ቀልድ ነበር። የዚያ ዘመን ጋዜጠኞች ሆን ብለው ፊደል እያሳሳቱ ቃላት ማሳጠርን ፋሽን አድርገውት ነበር። «ሁሉም ትክክል» የሚለውን እንግሊዝኛ አሳስተው ጻፉና ከየቃሉ የመጀመሪያውን ፊደል ወሰዱ። ዛሬ ሚኒስትሩም ሊስትሮውም «ኦኬ» ይላል።

እኛም ጋ ያው ነው። «ፌርማታ» ከጣሊያንኛ መጥቶ አማርኛ ሆኗል። «ሃይላንድ» የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ ማንኛውም የውሃ ፕላስቲክ ሃይላንድ ነው። «ሙድ» በእንግሊዝኛ ስሜት ማለት ሲሆን እዚህ ሲደርስ «ሙድ መያዝ» ማሾፍ ሆነ። ቃሉ አገር ሲቀይር ሥራም ቀየረ፤ ምንም ነውር የለውም።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ማርሽ መቀየሩ ላይ።

በአማርኛ ማርሽ መቀየር ታውቁበታላችሁ። ለጓደኛችሁ «ጀለስ፣ ላሽ እንበል» ያለው አፍ ለጎረቤት እማማ «እንደምን አደሩ» ይላል። ይሄን ያስተማራችሁ መጽሐፍ ሳይሆን ሰፈር ነው፤ ስትሳሳቱ የሚቆጣ ሰው ነበረ። እንግሊዝኛን ግን የተማርነው ከሁለት የማይተዋወቁ ቦታዎች ነው። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ስለ ስላንግ ብዙም አያወራም፤ ስልካችን ደግሞ ከስላንግ ሌላ ብዙም አያወራም። «ይሄ ለጓደኛ ነው፣ ይሄ ለአሠሪ አይባልም» የሚል ጎረቤት መሃል ላይ የለም።

ስለዚህ ከዘፈን የተለቀመ «ጎና» የሥራ ማመልከቻ ውስጥ ይገባል። «ብሮ» ብሎ ለቀጣሪ ኢሜይል የሚጽፍም አይጠፋም። በተቃራኒው ሰዋስው የሸመደደው ልጅ አንድ ፊልም ሲያይ ግማሹ ያመልጠዋል። ሁለቱም ግማሽ እንግሊዝኛ ነው ያላቸው።

ነገሩ የሚከብደው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም እንደዚያው። ከ2014 ዓ.ም. ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አንረሳም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቋንቋ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ግን ጥያቄው ያልገባው ተማሪ መልሱን ቢያውቅም ምን ያደርጋል?

ስልኩን መንጠቅ መፍትሔ አይሆንም። በቀን ለሰዓታት እንግሊዝኛ የሚሰማ ትውልድ ከዚህ በፊት አልነበረንም፤ ይሄ ሀብት ነው። መምህራን ተማሪው ከቲክቶክ ያመጣውን ዓረፍተ ነገር ወደ ፈተና እንግሊዝኛ እንዲቀይር አሥር ደቂቃ ቢሰጡት ሁለቱ ቦታዎች ይተዋወቃሉ። እናንተም አዲስ ቃል ስትይዙ መዝገበ ቃላት አፕ ላይ ፈልጉት። አጠገቡ «ኢንፎርማል» ወይም «ስላንግ» የሚል ካለ ለጀለስ ነው፤ ማመልከቻ ላይ ግን ላሽ ይበል።